ሥራው ራሱ ይመስክር

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ከኢሚግሬሽን የመጣው ደብዳቤ ወፍራም ነው፤ ስለ አክስቴ ልጅ የሚያወራው ግን ግፋ ቢል አንድ አንቀጽ ነው። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስታቲስቲክስ መመረቋም ሆነ ማስተርሷን እዚሁ አሜሪካ መሥራቷ አላከራከረም። የተጠየቀው ሌላ ነው፦ ለሆስፒታሎች የሕክምና ዕቃ በሚያከፋፍለው ድርጅት የያዘችው የገበያ ጥናት ተንታኝነት፣ በአንድ በተለየ መስክ የተማረ ሰው የግድ የሚፈልግ ሥራ ነው ወይ?

«ጋሼ፣ የተጠረጠረው ዴስኬ ነው» አለችኝ እየሳቀች። ሳቋ ብዙም አላማረኝም።

ድርጅቱ የጠየቀላት ኤች ዋን ቢ የሚባለው ቪዛ የዛሬ መልኩን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ሕግ ነው። ኮታው በዓመት 65,000 ሲሆን፣ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማስተርስና ከዚያ በላይ ላላቸው 20,000 ይጨመራል። እዚህ ሰፈር የኮታው ዕጣ የወጣለት ሰው «እንኳን ደስ ያለህ» ይባላል፤ ዕጣው ግን የሚሰጠው ለማመልከት ተራ ብቻ ነው። (በዚሁ ቪዛ የፋሽን ሞዴሎችም ይገባሉ። እነሱን ዲግሪ የሚጠይቃቸው የለም፤ ስመ ጥር መሆናቸው ይበቃል።)

ጠበቃዋ ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። አንድ ሥራ «ልዩ ሙያ» ለመባል ደንቡ አራት መንገድ እንዳለው አስረዱን። ለቦታው በተለምዶ ዲግሪ የሚጠየቅ መሆኑን፣ ወይም ይህ በዘርፉ የተለመደ መሆኑን፣ ወይም ድርጅቱ ራሱ በተለምዶ እንዲህ እንደሚቀጥር፣ ወይም ተግባሮቹ እጅግ የረቀቁ መሆናቸውን ማሳየት ይቻላል። አንዱ ቢሟላ ይበቃል ይባላል፤ ዲግሪው ከሥራው ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑ ግን በየትኛውም በኩል አይቀርም።

መርማሪዎች ቶሎ የሚገልጡት የአሜሪካ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት የሚያወጣውን የሙያዎች መመሪያ ነው። ለሲቪል መሐንዲስ መመሪያው ቁርጥ ያለ መልስ አለው። የገበያ ጥናት ተንታኝ ግን ከቢዝነስም፣ ከኮሙኒኬሽንም፣ ከማኅበራዊ ሳይንስም ሊመጣ ይችላል ይላል። ጣጣው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽንን የመሰለ አጠቃላይ ዲግሪ ብቻውን እንደማይበቃ ወስኗል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ የኦሃዮ ፌዴራል ፍርድ ቤት፣ በዚሁ በገበያ ጥናት ተንታኝ ጉዳይ፣ ዋናው ዕውቀቱ እንጂ የዲግሪው ስም አይደለም አለ። ጠበቃዋ ሁለቱንም ያውቋቸዋል፤ የሚያሳስባቸው ግን የድርጅቱ የቅጥር ማስታወቂያ ነበር። «በቢዝነስ ወይም በተዛማጅ መስክ ዲግሪ ያለው» ይላል። በቀይ ብዕር ከበቡት።

ከየትም ቢመጣ ጎበዝ ሰው እቀጥራለሁ የሚል አሠሪ፣ በሌላ ቦታ ቢሆን ይመሰገን ነበር። እዚህ ያ ልማዱ ማስረጃ ሆኖ ይመጣበታል። ሕጉን አልኮንነውም፤ ዲግሪ ያለው የሚሠራው ሁሉ ልዩ ሙያ ከተባለ ልዩነቱ የቱ ጋ ነው? ግን ጫናው ያረፈው ማስታወቂያውን ባልጻፈችው ልጅ ላይ ነው።

ጠበቃ ሲባል ነገር ያሳምራል ብዬ ጠብቄ ነበር። እኚህ ሴት ግን ሲያሳምሩ ሳይሆን ሲሰርዙ ነው ያየኋቸው። «መረጃ ይሰበስባል፣ ሪፖርት ያዘጋጃል» የሚለውን የድርጅቱን አረፍተ ነገር ሙሉ በሙሉ አወጡት።

«ሰኞ ጠዋት ኮምፒውተርሽን ስትከፍቺ መጀመሪያ ምን ትነኪያለሽ?»

«ሆስፒታሎቹ ባለፉት ዓመታት ያዘዙትን። የጎደሉ ወራት አሉ፤ ዝም ብሎ በአማካይ መሙላት አይቻልም፣ የጉንፋን ወቅት ሲመጣ ትእዛዙ ይዘላል። ስለዚህ ወቅቱን ለይቼ ሞዴል እሠራለሁ፤ ከዚያ ሞዴሉ ባላያቸው ወራት እፈትነዋለሁ።»

«የት ተማርሽው?»

«ታይም ሲሪስ የሚባል ኮርስ አለ። ማስተርሴ ላይ።»

«ጻፊው።»

እንዲህ እንዲህ እያለ ሦስት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ወጣ፦ ተግባሩ፣ ከሥራ ጊዜዋ የሚወስደው በመቶኛ፣ የሚጠይቀው ትምህርት። የድርጅቱ ኃላፊ መቶኛውን አይተው አረሙ፣ ፈረሙበትም። የድርጅቱ መዋቅር፣ የደንበኞች ስም በጥቁር የተሸፈነባቸው የራሷ ሪፖርቶች፣ ከእሷ በፊት በቦታው የሠሩት ሰዎች ዲፕሎማ ተጨመረ። የፕሮፌሰር ደብዳቤም ገብቷል፤ ሥራውን በቅጡ ሳያዩ የተጻፈ ደብዳቤ ግን ሚዛን እንደማይደፋ ተነግሮናል። የሚፈለገው የማስረዳት ደረጃ የወንጀል ችሎት ዓይነት አይደለም፤ እውነት የመሆኑ ዕድል ከሐሰትነቱ ካመዘነ በቂ ነው።

በማግስቱ ግሪን ላይን ባቡር ተሳፍሬ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ፣ እስከ ብራንች አቬኑ ሄድኩ። የኢሚግሬሽኑ ዋና መሥሪያ ቤት እዚያው ካምፕ ስፕሪንግስ ነው። ፋይሎች የሚመረመሩት በተለያዩ ክፍለ ግዛቶች ባሉ ማዕከላት ስለሆነ፣ መሄዴ ከወሬ ናፋቂነት አያልፍም።

ጠበቃዋ ጋ የሰማሁት አንድ ነገር ግን እስካሁን ይከነክነኛል። ሴፕቴምበር 2025 በወጣው ፕሬዚዳንታዊ አዋጅ፣ ከአሜሪካ ውጭ ላለ ሰው አዲስ የኤች ዋን ቢ ማመልከቻ 100,000 ዶላር እንዲከፈልበት ተወሰነ። የአክስቴ ልጅ ማመልከቻዋ ቀድሞ ስለገባ፣ ደግሞም እዚሁ ስላለች አልነካትም። አዲስ አበባ ተቀምጦ ይህንኑ ሞዴል የሚሠራ ልጅ ግን ሥራው ልዩ ነው አይደለም ብለው እስከሚከራከሩለት ደረጃ የሚደርስ አይመስለኝም።

ፋይሉ ዛሬ ተላከ። ድርጅቱ ለፈጣን አገልግሎት ስለከፈለ መልሱ በ15 የሥራ ቀናት ይጠበቃል። ከቢሮው ስንወጣ የአክስቴ ልጅ ጠበቃዋን፣ «ማክሰኞ የማቀርበው አዲስ ትንበያ አለ፤ ልላክልዎት?» አለቻቸው።

«ላኪው፤ ከከለከሉን ለይግባኙ ይሆናል» አሉ።