ሲጋር ከከርከዴ ጋር፣ ጁባ ላይ

ጁባ ሙቀቱ በረድ ሲል ነጭ አባይ ዳር ቁጭ ብሎ ሲጋር ማጣጣም ደስ ይለኛል። ምሽቱን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም አብሮት የሚጠጣው ነው። ለስላሳ ሲጋር ቀለል ያለ ኮክቴል ይስማማዋል፤ ጠንካራው ጠንካራ ይፈልጋል። በጥቁር ቅጠል የተጠቀለለው ማዱሮ ቸኮሌት ቸኮሌት ስለሚል፣ እኔ ሩም ከሎሚና ከቀዝቃዛ ከርከዴ ጋር ደባልቄ አብሬው እጠጣለሁ። የከርከዴው ኮምጣጣነት አፍ ያጥባል፤ ቀጣዩ ጭስ እንደ አዲስ ይጥማል። ጭሱ አፍ ውስጥ ተጣጥሞ ይወጣል እንጂ ወደ ሳንባ አይሳብም።

በተለይ በጥርና በየካቲት አየሩ ደረቅ ነውና፣ ሲጋሩን በደንብ በሚከደን ዕቃ፣ ከ65 እስከ 70 በመቶ እርጥበት ላይ አቆዩት። የደረቀ ሲጋር ቶሎ ይነድዳል፣ ይመራልም። ስኳር የበዛበት ኮክቴል ደግሞ የቅጠሉን ጣዕም ይውጠዋልና ይቅርባችሁ።