የመጨረሻው ቃል የመራጩ ነው፦ ከሞንትጎመሪ ካውንቲ

ሲልቨር ስፕሪንግን ለመውደድ ኢትዮጵያዊ መሆን ይበቃል። በፌንተን ጎዳና የሚወርድ ሰው በአማርኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ያነባል፤ የቡና ሽታ ይቀበለዋል፤ ደኅንነቱን የሚጠይቀውም አያጣም። እኔን ግን ከዚህ ሁሉ በላይ የማረከኝ ያልጠበቅሁት ነገር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትገኝበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ቻርተር፣ ማለትም የመተዳደሪያ ሕጉ፣ ይልቁንም ቻርተሩ የሚታደስበት መንገድ ልቤን ወሰደው።

ሞንትጎመሪ ከዋሽንግተን ዲሲ ሰሜናዊ ድንበር ላይ ይጀምራል። ነዋሪው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። ድሮ የካውንቲውን ጉዳይ በሕግ የሚወስነው አናፖሊስ የሚቀመጠው የሜሪላንድ ግዛት ምክር ቤት ነበር። ነዋሪዎቹ በራሳቸው ለመተዳደር እ.ኤ.አ. በ1944 ያደረጉት ሙከራ በድምፅ ወደቀ። ተስፋ ሳይቆርጡ በ1948 ቻርተራቸውን አጸደቁ፤ ካውንቲያቸውም በሜሪላንድ የመጀመሪያው ባለ ቻርተር ካውንቲ ሆነ። በ1968 ደግሞ አሻሽለውት፣ ሕዝብ የሚመርጠው ሥራ አስፈጻሚ ከምክር ቤቱ ተለይቶ እንዲቆም አደረጉ። የመጀመሪያው ሥራ አስፈጻሚ በ1970 ተመረጠ።

የበለጠ የወደድኩት ግን ቻርተሩ ራሱን ለምርመራ የሚያቀርብበትን ክፍል ነው። ምክር ቤቱ በየአራት ዓመቱ 11 ነዋሪዎች ያሉበት የቻርተር ግምገማ ኮሚሽን ይሰይማል። አምስቱ የሚመረጡት ሥራ አስፈጻሚው ከሚያቀርበው ዝርዝር ነው፤ ከአንድ ፓርቲ ከስድስት በላይ አባላት መግባት አይችሉም። ኮሚሽኑ የትኛው አንቀጽ እንዳረጀ፣ የትኛው መስተካከል እንዳለበት ያጠናል፤ ተጋማሽ ቁጥር ባላቸው የፈረንጅ ዓመቶች እስከ ሜይ 1 ሪፖርቱን ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ምክር ቤቱ ያመነበትን ማሻሻያ ለሕዝብ ድምፅ ያሳልፋል። ምክር ቤቱ ዝም ቢል እንኳ በሩ አይዘጋም፤ 10,000 የተመዘገቡ መራጮች ከፈረሙበት ሐሳቡ በኖቬምበሩ ምርጫ ድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ኮሚሽኑ ይመክራል፣ ምክር ቤቱ ያቀርባል፤ የሚቆርጠው ግን መራጩ ነው።

የዚህ አሠራር ትርጉም በደንብ የገባኝ ወደ ሰሜን ስጓዝ ነው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ሲርቁ ፎቆቹ እያነሱ ይሄዱና ማሳና የፈረስ መስክ ይተካቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1980 የተከለለው የእርሻ መሬት የካውንቲውን ሲሶ ገደማ ይይዛል። ፑልስቪል ስደርስ፣ ይህች ጸጥተኛ የገጠር ከተማና ያ የሲልቨር ስፕሪንግ ሰፈር በአንድ ምክር ቤት ሥር መሆናቸው ደነቀኝ። ታዲያ ሁሉንም እኩል የሚወክል ምክር ቤት እንዴት ይዋቀር?

እ.ኤ.አ. በ2020 የተነሳው ክርክር ይኸው ነበር። ምክር ቤቱ ዘጠኝ አባላት ነበሩት፤ አምስቱ በየወረዳቸው፣ አራቱ በመላው ካውንቲ የሚመረጡ። አንዳንድ ነዋሪዎች ዘጠኙም ከየወረዳው ይምጡ ብለው ፊርማ አሰባሰቡ፤ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ሰው ይኑረው አሉ። ሌሎቹ ተቃወሙ፤ ዛሬ አንድ መራጭ አምስት ሰው ይመርጣል፣ በዚያ መንገድ ግን አንድ ብቻ ይቀርለታል አሉ። ምክር ቤቱ ሦስተኛ ሐሳብ አቀረበ፦ አባላቱ 11 ይሁኑ፣ ሰባቱ ከወረዳ፣ አራቱ ከመላው ካውንቲ። ሁለቱ ሐሳቦች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ቀረቡ፤ ሕዝቡ የምክር ቤቱን ተቀብሎ ሌላውን ጣለ። ፊርማ ያሰባሰቡት ያሰቡትን ሁሉ ባያገኙም ወረዳዎቹ በሁለት ጨመሩ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ያሸነፈው የነዋሪዎች ፊርማ ነው። በ2016 የተመራጮች ሥልጣን በተከታታይ ከሦስት የሥራ ዘመን እንዳያልፍ ያስወሰነው እሱ ነበር፤ በ2024 ደግሞ የሥራ አስፈጻሚውን ወደ ሁለት አወረደው።

የእኔ ከተማ አዲስ አበባም ቻርተር አላት። በሥራ ላይ ያለው በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 361 የወጣው ነው፤ ያጸደቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲሆን የሚያሻሽለውም እሱ ነው። ስለዚህ ሮክቪል በሚገኘው የካውንቲው ምክር ቤት አዳራሽ አንድ ተራ ነዋሪ ማይክ ፊት ቀርቦ ስለሚተዳደርበት ሕግ ሐሳቡን መስጠት መቻሉን ሳስብ ቀናሁ፤ ለከተማዬም ተመኘሁላት።

ሞንትጎመሪ ከጎንደር ጋር የእህትማማችነት ስምምነት አለው፤ ወገኖቻችንም ነግደው፣ ቤት ገዝተው፣ ልጅ አሳድገው ይኖሩበታል። እናንተ እዚያ ያላችሁ ወገኖች፣ ኮሚሽኑ ሲሰየም ዕጩ ሆናችሁ ቅረቡ፤ ሐሳብ ሲጠየቅ ተናገሩ። መምረጥ የምትችሉም ከዕጩዎቹ ስም በታች ያሉትን የቻርተር ጥያቄዎች ሳታነብቡ ከድምፅ መስጫው አትውጡ። የምትኖሩበትን ካውንቲ ሕግ የማረም መብት የእናንተም ነው፤ ተጠቀሙበት።