ጎጆ ለምትወጣ ልጅ፦ በጦር ሰፈር አጠገብ ተከራይቶ ስለ መኖር

ይድረስ ለተወደደችው ልጅ፣ በፎርት ቤልቯር ሆስፒታል ሥራ ይዛ ከወላጆቿ ቤት ለምትወጣው።

ቤት መከራየት በየትኛውም አገር ገንዘብንና ውልን ማገናዘብ የሚጠይቅ ጉዳይ ቢሆንም፣ በጦር ሰፈር አጠገብ የሚከራይ ሰው ከዚህ በላይ አንድ ነገር መረዳት ይኖርበታል፤ ይኸውም በዚያ አካባቢ የኪራይ ዋጋም፣ የመንገድ መጨናነቅም፣ የጎረቤት መምጣትና መሄድም ከሠራዊቱ ትእዛዝ ጋር የተሳሰሩ መሆናቸው ነው። ይህን የተረዳች ተከራይ ሁለት ነገሮችን አጥብቃ ትይዛለች፤ ከአከራይዋ ጋር ያላትን ጉዳይ ሁሉ በጽሑፍ ታሰፍራለች፣ ጉርብትናን ግን ጊዜ ሳትጠብቅ ራሷ ትጀምራለች። የዚህ ደብዳቤ ምክር በሙሉ የእነዚህ የሁለቱ ማብራሪያ ነው።

ፎርት ቤልቯር በሰሜን ቨርጂኒያ፣ በፌርፋክስ ካውንቲ፣ በፖቶማክ ወንዝ አጠገብ የሚገኝ የአሜሪካ ምድር ጦር ሰፈር ነው። በ1917 (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ካምፕ ሀምፍሪስ ተብሎ ተቋቋመ፣ በ1935 ደግሞ ቀድሞ በሥፍራው በነበረው የፌርፋክስ ቤተሰብ ርስት ስም ቤልቯር ተባለ። የአካባቢውን መልክ ይበልጥ የለወጠው ግን የጦር ሰፈሮችን ለመዝጋትና ለማዛወር በ2005 የተላለፈው ውሳኔ ነው፤ በዚህ ውሳኔ መሠረት እስከ 2011 ድረስ በርካታ የመከላከያ መሥሪያ ቤቶች ወደዚያ ስለ ተዛወሩ፣ ዛሬ ከ50 ሺህ በላይ ወታደሮችና ሲቪል ሠራተኞች በሰፈሩ ይሠራሉ። ስፕሪንግፊልድ፣ ኪንግስታውን፣ ሎርተንና የሪችመንድ አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ የቤት ፈላጊው መዳረሻዎች የሆኑት ከዚህ የተነሣ ነው። በእነዚሁ ሰፈሮችና በአጎራባቿ አሌክሳንድሪያ ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ፣ እንጀራውም ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሩቅ አይሆንም፤ ልጅቱ ከወላጆቿ ቤት ወጣች እንጂ ከወገኗ አልራቀችም።

በመጀመሪያ ዋጋው እንዴት እንደሚወሰን ማወቅ ይገባል። ከጦር ሰፈር ውጭ የሚኖር ወታደር ከደመወዙ ሌላ የቤት አበል ይቀበላል፤ የአበሉ መጠን በማዕረጉ፣ የሚያስተዳድረው ቤተሰብ ያለው ወይም የሌለው በመሆኑና በተመደበበት አካባቢ ይለያያል፣ በየዓመቱም ጃንዋሪ 1 ቀን ይታደሳል። ይህ መጠን ለማንም ግልጽ ሆኖ የሚታተም በመሆኑ፣ አከራይ አበሉን ተመልክቶ ዋጋ ቢቆርጥ የሚያስገርም አይደለም። ሲቪል ሠራተኛ ግን ይህን አበል አታገኝም፤ ስለዚህ በአንድ ሆስፒታል፣ በአንድ ክፍል አብራት የምትሠራ ወታደር የተከራየችውን ቤት አይታ የራሷን አቅም መለካት የለባትም። አበሉ ሲሰላ የመብራትና የውኃ ወጪ ጭምር ታስቦበት እንደሆነም ማስተዋል ይጠቅማል፤ ከደመወዟ ብቻ የምትከፍል ተከራይ ኪራዩን፣ መብራቱን፣ ማሞቂያውን፣ ውኃውንና የመኪናዋን ወጪ ደምራ፣ ለቁጠባም ለወላጅ ቤት ድግስም የሚተርፍ መኖሩን ካረጋገጠች በኋላ መፈረም አለባት።

ዋጋን የሚወስነው ሌላው ነገር ወቅት ነው። ወታደር በአብዛኛው በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ከአንድ ሰፈር ወደ ሌላ በቋሚነት ይዛወራል፤ ዝውውሩም ልጆች ከትምህርት በሚያርፉበት ጊዜ፣ ማለትም ከሜይ እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ይበዛል። በእነዚያ ወራት ቤት ፈላጊው ስለሚጎርፍ አከራይ ይመርጣል፣ በክረምቱ ብርድ ግን ምርጫው ወደ ተከራይ ይዞራል። የአንድ ዓመት ውል በጃንዋሪ ወይም በፌብሩዋሪ የጀመረች ተከራይ፣ ውሏ በሚታደስበት በእያንዳንዱ ዓመት የምትደራደረው ገበያው በቀዘቀዘበት ጊዜ ይሆናል፤ ይህ አንዴ ታስቦበት ለዓመታት የሚጠቅም ውሳኔ ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ቦታውን መመርመር ነው። በካርታ ላይ ለሰፈሩ የቀረበ ቤት ሁሉ ለሥራ የቀረበ አይደለም፤ ሠራተኛው ሁሉ በጠዋት በጥቂት በሮች ለመግባት ስለሚሰለፍ፣ ርቀቱን በማይል ሳይሆን በሥራ ሰዓት በሚወስደው ደቂቃ መለካት ይገባል። ሰፈሩ በመንገድ ላይም ሥልጣን አለው፤ ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በሰፈሩ ውስጥ አቋርጦ ያልፍ የነበረው የውድላውን መንገድ ለጥበቃ ሲባል ተዘግቶ፣ ምትኩ ጄፍ ቶድ ዌይ የተከፈተው በ2014 ነበር። የሜትሮው ባቡር ሰማያዊ መስመርም መጨረሻው ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ ጣቢያ በመሆኑ፣ መኪና የሌላት ሠራተኛ ከዚያ ወዲያ አውቶቡስ እንደሚያስፈልጋት አውቃ ማቀድ አለባት።

ድምፅም አይረሳ። በቤልቯር ግቢ የዴቪሰን ወታደራዊ የአየር ማረፊያ ሄሊኮፕተሮች ይነሣሉ፣ ወደ ደቡብ በሚገኘው የኳንቲኮ የባሕር ኃይል እግረኛ ሰፈር የሚደረገው የከባድ መሣሪያ ልምምድም በአጎራባች ካውንቲዎች ይሰማል። የቨርጂኒያ ሕግ የወታደራዊ አየር ማረፊያ ባለበት አካባቢ የሚያከራይ ሰው፣ ቤቱ በይፋ በተከለለ የድምፅ ቀጠና ወይም የአደጋ ሥጋት ቀጠና ውስጥ ከሆነ ለተከራዩ በጽሑፍ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል፤ ሳያስታውቅ ከቀረ ተከራዩ በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ በጽሑፍ አሳውቆ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። ይህ ድንጋጌ ይበልጥ የሚያስፈልገው እንደ ቨርጂኒያ ቢች ባሉ የተዋጊ ጄት ማረፊያ ባለባቸው ከተሞች ቢሆንም፣ የሌሊት ተረኛ ሆና ቀን የምትተኛ ሠራተኛ በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች ቤቱ ድረስ ሄዳ ጆሮዋን መጣል ይኖርባታል።

ሦስተኛውና ዋናው ጉዳይ ውል ነው። በወገን መካከል ቤዝመንት ወይም አንድ ክፍል በቃል ብቻ መከራየት የተለመደ ነው፤ መተማመኑ ደግ ነገር ቢሆንም፣ በቃል ያለ ይረሳል በጽሑፍ ያለ ይወረሳል እንደ ተባለው፣ ዘመድነትን የሚጠብቀው ጽሑፉ ነው። አከራይ የጽሑፍ ውል ባያቀርብ እንኳ የቨርጂኒያ ሕግ በሁለቱ መካከል የ12 ወር ውል እንዳለ ይቆጥራል፤ ነገር ግን የተስማሙበትን ዝርዝር በፍርድ ቤት ማስረዳት ያለ ወረቀት አድካሚ ነው። ቤዝመንቱ ራሱም መታየት አለበት፤ መኝታ የሚሆን ክፍል እሳት ቢነሣ ሰው የሚያስወጣ መስኮት ሊኖረው ይገባል፣ የራሱ ማድቤት ያለው ሆኖ ለብቻው የሚከራይ ከሆነም ከካውንቲው ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃድ የሌለው ቤት ሲገኝ የምትፈናቀለው ተከራይዋ ናትና።

በመያዣነት የሚሰጠው ገንዘብ፣ በተለምዶ ዲፖዚት የሚባለው፣ ከሁለት ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ አከራዩም ቤቱ ከተለቀቀ በኋላ በ45 ቀናት ውስጥ ገንዘቡን፣ የቀነሰው ካለም ከዝርዝር ምክንያት ጋር፣ መመለስ አለበት። ልጅቱ በገባች በአምስት ቀናት ውስጥ ቤቱ ያለበትን ሁኔታ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል፣ እርሷም ያልተጻፈ ጉድለት ካየች በአምስት ቀናት ውስጥ ተቃውሞዋን በጽሑፍ ማቅረብ ትችላለች፤ ያን ዕለት የምታነሣቸው ፎቶግራፎች ከዓመት በኋላ ገንዘቧን ያስመልሱላታል። ቤቱ ተበላሽቶ አከራይ ባይጠግን፣ ኪራይ አልከፍልም ብሎ ዝም ማለት ለመባረር በር የሚከፍት ስሕተት ነው፤ ሕጉ የሚያዘው ጉድለቱን በጽሑፍ አስታውቆ በቂ ጊዜ ከሰጡ በኋላ ለዲስትሪክት ፍርድ ቤት ማመልከትና ኪራዩን ለፍርድ ቤቱ ማስያዝ ነው።

በጦር ሰፈር አጠገብ ብቻ የሚያጋጥም አንድ የውል ጉዳይ ደግሞ አለ። በ2003 የወጣው የወታደሮችን ሲቪል መብት የሚጠብቀው የፌዴራል ሕግ፣ የዝውውር ወይም ከ90 ቀናት ያላነሰ የግዳጅ ትእዛዝ የደረሰው ወታደር የኪራይ ውሉን ያለ ቅጣት እንዲያቋርጥ ይፈቅድለታል። ይህ ለአገልጋዩ የሚገባ ጥበቃ ነው፤ ሆኖም ጥበቃው የወታደሩ ጥገኛ ላልሆነ የቤት ተጋሪ ስለማይዘረጋ፣ ከወታደር ጋር በአንድ ውል የፈረመች ሲቪል፣ እርሱ ሲሄድ የሙሉው ኪራይ ዕዳ በእርሷ ላይ ሊወድቅ ይችላል። መፍትሔው እያንዳንዱ ለየክፍሉ የተለየ ውል እንዲፈርም መጠየቅ፣ ወይም ይህ ሁኔታ ቢመጣ ምን እንደሚደረግ በውሉ ላይ ማስፈር ነው። አከራዩ ራሱ ወታደር ሆኖ ሲዛወር ቤቱን ያከራየ ከሆነም፣ መቼ እንደሚመለስና ከውሉ ጊዜ በፊት ቤቱን የሚያስለቅቅ አንቀጽ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። ለግዳጅ ባሕር ማዶ ነኝ፣ ቁልፉን በፖስታ እልካለሁ፣ ገንዘቡን ግን አሁኑኑ ላኪ የሚል ሰው አታላይ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በካውንቲው የንብረት መዝገብ ማንም በነጻ ማየት ይችላል፣ ቤቱን ከውስጥ ሳያዩ ገንዘብ መላክም ጨርሶ አይገባም።

ከኪራይ ጉዳይ ሌላ፣ ወደ ጦር ሰፈሩ የሚገባ ሠራተኛ የሌላ ሕግ ክልል ውስጥ መግባቱን ማወቅ አለበት። ማሪዋና በቨርጂኒያ ሕግ ከ2021 ጀምሮ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው በመጠኑ መያዝ ቢፈቀድም በፌዴራል ይዞታ ክልክል ነው፤ ካቲኖን የተባለው በጫት ውስጥ የሚገኘው ንጥረ ነገርም በፌዴራል ሕግ ከታገዱት ዕፆች አንዱ ነው። በሥራ መውጫ ሰዓት የሰንደቅ ዓላማ ማውረጃ መለከት ሲነፋ በግቢው ውስጥ መኪናም ሰውም ይቆማል፤ ልጅቱም ባለችበት ቀጥ ብላ በመቆም አክብሮቷን ትግለጽ።

የመጨረሻው ምክር ስለ ጉርብትና ነው፤ ይህም ከሁሉ ይበልጣል። ጎረቤቱ ሁሉ በሁለትና በሦስት ዓመት ውስጥ በሚሄድበት ሰፈር፣ ሰው ከሰው ጋር ሳይተዋወቅ መኖርን በቀላሉ ይለምዳል፣ የሚሄድ ሰው መውደድ ምን ይጠቅማል ይላልና። ይህ አስተሳሰብ ግን ስሕተት ነው፤ ቶሎ የሚሄድ ሰው ቶሎ ሊተዋወቁት ይገባል፣ ዘመድ በሌለበት አገር ባሏ ግዳጅ የሄደባት እናትም ከማንም በላይ ጎረቤት ያስፈልጋታል። ጃንዋሪ 29 ቀን 2025 ከዴቪሰን የአየር ማረፊያ የተነሣ የምድር ጦር ሄሊኮፕተር በዋሽንግተን ከመንገደኞች አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሦስቱ የሄሊኮፕተሩ ወታደሮች ነበሩ፤ በእንዲህ ያለ ቀን የሐዘንተኛን በር ለማንኳኳት ድፍረት የሚያገኘው፣ ከሐዘኑ በፊት ቡና ያጣጣ ሰው ነው። ስለዚህ ልጅቱ በገባች በመጀመሪያው ሳምንት ግራና ቀኝ ያሉትን በሮች ታንኳኳ፣ ስሟንና የስልክ ቁጥሯን ትስጥ፣ ቡና ታፍላና ትጥራቸው። በረዶ ሲጥል የአንዲቱን እናት ደጃፍ ጠርጋ ብታልፍ፣ ለሚሄድ ቤተሰብ ስንቅ ብታቀብል፣ ለሚመጣው ደግሞ የሐኪም ቤቱንና የገበያውን መንገድ ብታሳይ፣ ወላጆቿ በእድርና በቡና ያቆዩትን ሥርዓት ለሚፈልጉት አድርሳዋለች ማለት ነው። መብትን በወረቀት መጠበቅና እጅን ለጎረቤት መዘርጋት እርስ በርሳቸው አይቃረኑም፤ ውሏ የጸና ተከራይ ነገ ከቤት ልባረር ይሆን ብላ ስለማትሠጋ ለሌላው የምታስብበት ልብ ይኖራታል።

እግዚአብሔር መውጫና መግቢያዋን ይባርክላት፣ የምትይዘውን ቤት የሰላም ቤት ያድርግላት፣ ደግ ጎረቤት ይስጣት፣ እርሷንም ለሌላው ደግ ጎረቤት ያድርጋት።

ከአባቷ።