ልጃችሁ ጆሮው ሥር ሲያብጥ

ጆሮ ደግፍን የማያውቅ አበሻ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። አገር ቤት አንገት በሻርፕ ይታሰራል፣ አጥሚት ይጠጣል፣ ያልፋል። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ያልፋል። የኔ ታላቅ ወንድም ግን በ9 ዓመቱ ከያዘው ወዲህ ግራ ጆሮው አይሰማም። ለዚህ ነው እዚህ ዴንተን አንዲት እናት "የልጄ ጉንጭ አብጧል" ስትለኝ "ግድ የለም፣ ይተወዋል" የማልላት።

ከጆሮ ፊትና ሥር ትልቅ የምራቅ ዕጢ አለ። የጆሮ ደግፍ ቫይረስ ሲያሳብጠው የመንጋጋው መስመር ይጠፋል፣ ማኘክም ያማል። እብጠት ሁሉ ግን ጆሮ ደግፍ አይደለም። ምግብ ሲቀርብ እያበጠ ኋላ የሚጎድል ከሆነ፣ የምራቁን ቧንቧ የዘጋ ጠጠር ሊሆን ይችላል። አዛውንቶች ደግሞ ሰውነታቸው ውሃ ሲያንሰው ባክቴሪያ ዕጢው ውስጥ ይገባል። ሳያም ቀስ እያለ የሚያድግ እብጠትም ሐኪም ይየው።

"ልጄ እኮ አገር ቤት ተከትቧል" ትሉ ይሆናል። ካርዱን እስቲ እዩት። በኢትዮጵያ መደበኛ ክትባት ለረጅም ዓመታት ሲሰጥ የኖረው የኩፍኝ ነው፤ ጆሮ ደግፍ የለበትም። እዚህ ኤምኤምአር የሚሉት ሁለቱንም ከሩቤላ ጋር ይይዛል። ቴክሳስም ኪንደርጋርተን ከሚገባ ልጅ 2 ዶዝ ይጠይቃል። 2 ዶዝ ጆሮ ደግፍን ወደ 86 ከመቶ ይከላከላል፤ የተከተበም አልፎ አልፎ ይያዛል ማለት ነው። በሽታው ሩቅ አይደለም፤ በፈረንጆቹ 2016 መጨረሻ ከፎርት ወርዝ በስተደቡብ ባለው ጆንሰን ካውንቲ ብዙ ተማሪዎችን ይዞ ነበር።

ልጃችሁ ካበጠ ወደ ክሊኒክ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ፤ ሌላ ሰው እንዳይዝ ያዘጋጃሉ። ጆሮ ደግፍ ከሆነ እብጠቱ ከጀመረ በኋላ 5 ቀን ቤት ይቆይ፤ ትምህርት ቤትም፣ ልደትም፣ ቤተ ክርስቲያንም ይቅር። ውሃና ለስላሳ ምግብ ስጡት፤ ሎሚና ብርቱካን ሕመሙን ያብሳል። አስፕሪን ለልጅ አይሰጥም። ከአገር ቤት የመጣው አሞክሳሲሊንም ቫይረስ አይገድልም። አንገቱ ከገተረ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ የዘር ፍሬው ካበጠ ወይም "አልሰማም" ካለ ግን ለነገ አትበሉ።

ኢንሹራንስ የሌለው ልጅ በመንግሥት ፕሮግራም ክትባቱን በነፃ ያገኛል። የዴንተን ካውንቲ ጤና መሥሪያ ቤትን ጠይቁ። መጀመሪያ ግን ዛሬ ማታ ካርዱን ከሻንጣ አውጡት።