የአያት ቃልና የመዝገብ ወረቀት ሲለያዩ

የአባታችሁን አባት ስም ብትጠየቁ ሳታመነቱ ትመልሳላችሁ፤ ሙሉ ስማችሁን በጻፋችሁ ቁጥር ሦስተኛው ስም እርሱ ነውና። የእናታችሁ እናት እናት ማን ትባል ነበር ብትባሉስ? ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ዝም እንላለን።

በእኛም ቤት ይህ ዝምታ የተሰማው ልጄ ከትምህርት ቤት የዘር ሐረግ ሠርተሽ አምጪ ተብላ በመጣችበት ሰሞን ነው። በአባቴ በኩል ያለ ችግር እስከ ሰባት ቤት ተቆጠረ። በእናቴ በኩል ግን ከአያቴ ማለፍ አቃተን። እርሷም ብትሆን ሁለት ሆና ተገኘች። በክርስትና ምስክር ወረቀቷ ላይ በክርስትና ስሟ ተጽፋ የልደት ዘመኗ 1928 ይላል። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ባወጣችው ፓስፖርት ላይ ደግሞ በቤት ስሟ ተጽፋ 1936 ይላል። ልጄ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ «እማዬ፣ የትኛዋ ናት የእኛ?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልሱን የሰጠችን በሕይወት ያለችው የአያቴ ታናሽ እህት ናት። ሴትየዋ አንድ ናት፤ ስሟ ሁለት ነው። ዓመቱም ቢሆን አንዱ በእኛ፣ ሌላው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለተጻፈ እንጂ ልዩነት የለውም። እኒህ ሴት ባይኖሩልን ኖሮ ግን ልጄ አንዲቱን ቅድመ አያቷን ሁለት ሴቶች አድርጋ ትጽፋት ነበር።

ይህ ነገር ሲያሳስበኝ በሰነበተበት ጊዜ፣ በዓለም ከታወቁት መሪዎች አንዱ የሆነው የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን እንዲህ ያለው ጣጣ ገጥሞት እንደነበረ አነበብኩ። የእርሱ ጉዳይ ከእኛ ቤት በጣም የጠለቀ ነው። ነገሩን ላካፍላችሁ የወደድኩትም በመጨረሻ ቋጠሮውን ፈትተው የተገኙት በአብዛኛው የሴቶች መዝገቦች ስለሆኑ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሊንከን ለፕሬዚዳንትነት ከመመረጡ አንድ ዓመት አስቀድሞ፣ በ1859 ስለ ራሱ ሕይወት አጭር ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለአንድ ወዳጁ ላከ። በዚያ ጽሑፍ ላይ ቅድመ አያቶቹ ኩዌከሮች እንደነበሩና በፔንሲልቫኒያ ከምትገኘው ከበርክስ አውራጃ ወደ ቨርጂኒያ እንደ ሄዱ ገለጸ። የእርሱ ስም የወጣለት አያቱ አብርሃምም ከቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ ተሻግሮ እዚያ በነባሮቹ ሕንዳውያን እንደ ተገደለ ጻፈ። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በኒው ኢንግላንድ፣ የሊንከን ስም ያላቸው ሌሎች ቤተሰቦች ነበሩ። ከእነርሱ ጋር ዝምድና እንዳለ ለማጣራት ተሞክሮ ሄኖክ፣ ሌዊ፣ መርዶክዮስ፣ ሰሎሞን፣ አብርሃም የሚባሉ ስሞች በሁለቱም ወገን ከመገኘታቸው በቀር የተገኘ ነገር የለም ሲልም አከለ።

ኩዌከሮች እነማን ናቸው? በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ጆርጅ ፎክስ በሚባል ሰው ስብከት በእንግሊዝ አገር የተነሡ ክርስቲያኖች ናቸው። ራሳቸውን የወዳጆች ማኅበር ብለው ይጠራሉ። በዚያ ዘመን ቄስ አልነበራቸውም፤ በዝምታ ተቀምጠው መንፈስ ያነሣሣው ሰው ሲናገር ያዳምጡ ነበር። አይምሉም፣ የጦር መሣሪያም አያነሡም ነበር። ከእነርሱ ወገን የሆነው ዊልያም ፔን በ1681 የፔንሲልቫኒያን ምድር ከእንግሊዝ ንጉሥ ስለተቀበለ ብዙዎቹ ወደዚያ ተሻግረው በእርሻ ሥራ ኖሩ።

እነዚህ ሰዎች በመዝገብ አያያዛቸው የተመሰገኑ ናቸው። በየወሩ ተሰብስበው የማኅበሩን ጉዳይ ይጽፉ ነበር፤ ሴቶቹም የራሳቸው ስብሰባና የራሳቸው መዝገብ ነበራቸው። ሊጋቡ ያሰቡ ወንድና ሴት በማኅበሩ ፊት ሁለት ጊዜ ቀርበው ሐሳባቸውን ያስታውቁ ነበር፤ ስለ ሙሽራዋ ነጻነት የሚያጣሩት ሴቶቹ ነበሩ። በሠርጉም ቀን የተገኘው ሰው ሁሉ፣ ሴቱም ወንዱም፣ በጋብቻው ወረቀት ላይ ይፈርማል። ከማኅበሩ ውጭ ያገባ አባል ደግሞ ይገሠጽ ነበር፤ ጥፋቱን በጽሑፍ ካላመነም ይሰናበት ነበር። ስለዚህ አንድ ገበሬ ኩዌከር ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ጥያቄ መዝገቡ ሊመልሰው ይችላል።

በሊንከን ቤተሰብ ቃል መሠረት ኩዌከር ነበረ የተባለው ገበሬ ቅድመ አያቱ ጆን ሊንከን ነው። ጆን በ1716 ተወልዶ በፔንሲልቫኒያ ከኖረ በኋላ በ1768 ቤተሰቡን ይዞ ወደ ቨርጂኒያ ወረደ፤ በሸናንዶአ ሸለቆ፣ በሊንቪል ወንዝ አጠገብ መሬት አቅንቶ ሲያርስ ኖሮ በ1788 ሞተ።

አሁን መዝገቡን እንመልከት። በበርክስ አውራጃ የኤክሰተር ኩዌከሮች ማኅበር ነበር። በዚያ ማኅበር መዝገብ ውስጥ አን ቡን የምትባል ሴት ትገኛለች፤ የዝነኛው የድንበር አቅኚ የዳንኤል ቡን የአጎቱ ልጅ ናት። አን በ1760 አብርሃም ሊንከን የሚባል ሰው አገባች። ይህ አብርሃም ፕሬዚዳንቱ አይደለም፤ በአባት ከጆን ጋር የሚገናኝ ታናሽ ወንድሙ ነው። ማኅበሩ አንን የማኅበሩ አባል ያልሆነ ሰው አግብተሻል ብሎ ገሠጻት። እንግዲህ አስተውሉ፤ በአንዲት ሴት ላይ የተጻፈው ተግሣጽ ባልዋ ኩዌከር እንዳልነበረ አጋልጦ ነገረን።

ሌላም አለ። የጆን ልጅ፣ ማለትም የፕሬዚዳንቱ አያት፣ በቨርጂኒያ የሚሊሺያ ሻምበል ነበር። መሣሪያ ማንሳት በኩዌከሮች ዘንድ የሚያሰናብት ጥፋት ነበር።

የኋላ ተመራማሪዎች ኑዛዜውንና የመሬት ውሉን እየተከተሉ ወደ ኋላ ሲሄዱ የጆን አባት ሞርዴካይ ሊንከን፣ በእኛ አነጋገር መርዶክዮስ፣ በ1686 በማሳቹሴትስ በሒንገም ከተማ የተወለደ ሆኖ ተገኘ። የሞርዴካይም አያት ሳሙኤል ሊንከን በ1637 ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ሊንከን ፍሬ አልተገኘበትም ያለው የኒው ኢንግላንድ ፍለጋ ለካስ ትክክለኛው መንገድ ነበር። ይባስ ብሎ በ1848 ስለ ዘሩ የጠየቀው ደብዳቤ የመጣለት ከዚያችው ከሒንገም ነበር፤ እርሱም ቅድመ አያቱ ኩዌከር ነበረ የሚል ጭምጭምታ በቤተሰባችን አለ ብሎ መለሰ።

ታዲያ ሊንከን ዋሸ እንበል? አይደለም። አባቱ ቶማስ ገና ልጅ ሳለ አያትየው ተገደለ፤ የነጋሪው ሰንሰለት እዚያ ላይ ተቆረጠ። ሊንከን የአያቱን ሞት ሲናገር ወደ 1784 ያደርሰዋል፤ ሰነዶቹ የሚያሳዩት 1786 ነው። የኩዌከሩም ወሬ ቢሆን ባዶ አልነበረም። የሊንከን ቤተሰብ በኩዌከሮች መካከል ኖሯል፤ ከእነርሱም ጋር ተጋብቷል። በእኔ ግምት የእህል ውኃና የጉርብትና ነገር በጊዜ ብዛት «እኛው ራሳችን» ወደሚል ቃል ተለውጧል። የቤተሰብ ቃል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሥሩ እውነት ሆኖ ቅርንጫፉ ይጠማዘዛል።

ወረቀትም ቢሆን የራሱ ጠማማ አለው። ኩዌከሮች ወራትን በአሕዛብ አማልክት ስም መጥራት ስላልወደዱ በቁጥር ይጽፉ ነበር። በእንግሊዝ ግዛቶች እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመት የሚገባው በማርች ስለነበር ከዚያ በፊት «አንደኛ ወር» ማለት ማርች ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ጃንዋሪ ሆነ። ይህን ያላወቀ ሰው አንድን ልደት ሁለት ወር አሳስቶ ይጽፈዋል። ሰባትና ስምንት ዓመት ስንደምርና ስንቀንስ የምንኖር እኛ ለዚህ ችግር እንግዶች አይደለንም።

አሁን ወደ ሴቶቹ ልመልሳችሁ። በአሜሪካውያን ዘንድ ሴት ስታገባ የባልዋን ቤተሰብ ስም ትወስዳለች፤ የአባቷ ስም ከመዝገብ ይጠፋል። የፕሬዚዳንቱ የአባት እናት ባትሼባ፣ በእኛ ቤርሳቤህ፣ የመጀመሪያ ስሟ የተረፈው በቨርጂኒያ የነበረው መሬት ሲሸጥ የሚስት ፈቃድ ያስፈልግ ስለነበረ ነው። የአባቷ ቤተሰብ ግን ሄሪንግ ነው ወይስ ሺፕሊ እየተባለ ለብዙ ዘመን አከራክሯል፤ ዛሬ የሚያመዝነው ሄሪንግ ነው። ባልዋ ሲገደል ሦስት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ልጆች ይዛ የቀረች ሴት ናት፤ ስለ እርሷ ግን ስሟ እንኳ በክርክር ነው የተገኘው።

እናቱ ናንሲ ሐንክስ ደግሞ የባሰውን አየች። በ1818፣ ልጅዋ የ9 ዓመት ልጅ ሳለ፣ መርዘኛ ተክል የበሉ ላሞች ወተት በሚያመጣው በሽታ ሞተች። በኋላ ልጅዋ ታላቅ ሰው ሲሆን የወላጆቹን የጋብቻ መዝገብ የፈለጉ ሰዎች ባልና ሚስቱ በኖሩበት በሃርዲን አውራጃ አጡት። ይህን ጊዜ ሐሜቱ ተነሣ፤ እናቲቱ ያለ ጋብቻ ወለደች ተባለ። መዝገቡ የተገኘው በ1878 ሲሆን የነበረውም በዋሽንግተን አውራጃ ነው። ሠርጉ በጁን 12 ቀን 1806 ተፈጽሟል፤ ፕሬዚዳንቱ የተወለደው በ1809 ነው። ሰዎቹ የፈለጉት ባል ጎጆ በወጣበት ነበር፤ ሠርጉ የተሠረገው ግን ሙሽራዋ ትኖርበት በነበረው ስፍራ ነው። ሊንከን በ1865 ስለተገደለ የእናቱን ስም የሚያጠራውን ወረቀት ሳያይ ቀረ።

የናንሲ እናት ማንነትም ሲያከራክር ኖሮ፣ በ2015 ይፋ በሆነ ጥናት በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፈው የዘር ምልክት በሴት መስመር በሚወርዱ የሐንክስ ዘመዶች ላይ ተመረመረ። ውጤቱም እናቷ ሉሲ ሐንክስ ናት የሚሉትን ደገፈ። ወረቀት የዘነጋውን የእናቶች ደም ይዞት ኖሯል።

እህቶቼ፣ በእኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትለውጥም፤ ይህ መልካም ነው። ይሁን እንጂ በልጆቿ ስም ውስጥ አትገባም። ልጅ በአባት፣ በአያት ይጠራል፤ እናት በቃል ብቻ ትቀራለች፤ ተናጋሪው ሲያልፍ እርሷም አብራ ታልፋለች። የሰባት ቤት ዝምድና የሚቆጠረው ግን በእናትም በኩል ነው። ልጆቻችን ለትዳር ሲደርሱ፣ ውርስ ሲነሣ፣ ወይም አንዱ በሐሜት ስም ሲያጎድፍ የሚያስፈልገን ያ ያልተጻፈው ስም ይሆናል።

ከሥራ ደክመን ስንገባ ወጡና የልጆች ጥናት እንደሚጠብቀን አውቃለሁ። ቢሆንም ቡና የሚፈላበት ሰዓት አለን። አንድ ደብተር ግዙና ለዚህ ብቻ አድርጉት። እናት፣ አክስት፣ አያት ቡና ሊጠጡ ሲመጡ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቋቸው፤ የእናትዎ ስም ማን ነበር? የክርስትና ስማቸውስ? የት ተወለዱ፣ የት ተዳሩ? ሠርጉ የተሠረገበትን አገር በተለይ መዝግቡ፤ የናንሲን መዝገብ ያስጠፋው እርሱ ነው። ዓመት ሲነገራችሁ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አጠገቡ ጻፉ። ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደነገራችሁም አትዝለሉ።

ቃሉና ወረቀቱ ሲለያዩ አንዱን ቀድዳችሁ አትጣሉ። ወረቀቱን ለምን ጉዳይ እንደተጻፈ፣ ቃሉን ከማን እንደተሰማ ጠይቁት። የኤክሰተር መዝገብ የተጻፈው አን ቡንን ለመገሠጽ እንጂ የሊንከንን ዘር ለማስረዳት አልነበረም፤ እውነቱን የሰጠንም ለዚህ ብሎ ስላልተጻፈ ነው። ልዩነቱን እንዳለ ጎን ለጎን አስፍሩት፤ ዛሬ ያልተፈታውን ነገ ልጃችሁ ትፈታው ይሆናል።

በእኛ ቤት ደብተር የመጀመሪያው ገጽ ላይ አሁን የአያቴ ሁለት ስሞች በአንድ መስመር ሰፍረዋል። ከሥሩ የእናቷ ስም አለ፤ ከታናሽ እህቷ አፍ የተጻፈ። ከዚያ በታች ያለው መስመር ባዶ ነው። እኒያ ሴት በሚመጣው እሑድ ሊጠይቁን ይመጣሉ፤ ጥያቄው ተዘጋጅቷል። እናንተስ በዚህ እሑድ ማንን ቡና ትጠራላችሁ?