ከንግሥተ ሳባ እስከ «ናሩቶ» ቁጥር 41

አዳማ አስፋልት ዳር አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ልጆች አንዱ «ናሩቶ» ቁጥር 41ን በእጅጌው ጠራርጎ አቀበለኝ። «ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው» አለ። ዋጋውን የተመነው በውፍረቱ ነው። ከቁጥር 1 እስከ 40 ያሉት የት እንደገቡ ብጠይቀው፣ «ከዚህም ይጀመራል፣ ችግር የለውም» አለኝ። የጃፓኑ ኮሚክ «ናሩቶ» 72 ቅጽ ነው። ከ41ኛው የሚጀምር ሰው፣ ሙሽሮቹ ከሄዱ በኋላ ድንኳን እንደገባ ሠርገኛ፣ ማን ማንን እንዳገባ ሲጠይቅ ይውላል።

የፈለግሁት ለእህቴ ልጅ ነበር። እሱ ኮሚክ የሚያነበው በስልኩ ነው፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ካልያዘ ያነበበ አይመስለኝም። ችግሩ ኮሚክ ውድ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ሙሉውን ስብስብ ማግኘት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። የቱ ይገዛ፣ የቱ ታይቶ ይቀመጥ የሚለው ለእኔ ቢጤ ኪስ ቀላል ጥያቄ አይደለም። እኩዮቼ ጥያቄውን ራሱን ይንቁታል፤ «የፈረንጅ ልጆች ጨዋታ» ይሉታል። የማልስማማው እዚህ ላይ ነው።

የንግሥተ ሳባን ሥዕል ያላየ የአገሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ 44 ሥዕል ነው፦ አንዱ ሸራ በአራት ረድፍ ይከፈላል፣ በየረድፉ 11 ሳጥን ይደረደራል፣ ከየሳጥኑ ሥር አጭር ጽሑፍ ይሰፍራል። መጀመሪያ ሕዝቡ ለዘንዶው ይገብራል። ቀጥሎ አጋቦስ የተባለ ሰው መርዝ ያበላውን ፍየል ለዘንዶው ይሰጥና ይገድለዋል፤ ይነግሣል፤ ልጁ ማክዳ ትወርሰዋለች። ነጋዴው ታምሪን ከኢየሩሳሌም ወሬ ይዞ ይመጣል፤ ንግሥቲቱ ጓዟን ጠቅልላ ትነሣለች። ሰሎሞን ቅመም የበዛበት ራት ያበላታል። ሌሊት ጥም ያቃጥላታል፣ ውኃውን ታነሣለች፣ ንጉሡም እጇን ይይዛል። የቀረውን ታውቁታላችሁ። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ይህን ሁሉ በጣቱ እየተከተለ ለልጁ ሲተርክ ኖሯል። ይህ ኮሚክ ካልሆነ ኮሚክ ምንድን ነው? በብራና ላይ የተሣሉትን ተአምረ ማርያሞች ከቆጠርንማ ነገሩ ከዚህም ይርቃል።

የታተመው ዓይነትም ቢሆን ወደዚህ አገር የገባው ዛሬ አይደለም። ሁጎ ፕራት የሚባል ጣሊያናዊ ልጅ በ1937 እ.ኤ.አ.፣ በአሥር ዓመቱ፣ ከእናቱ ጋር ወደ አባቱ መጣ። የወራሪ ልጅ ነው፤ ይህን አልረሳም። ጣሊያን ሲሸነፍ አባቱ ተማርኮ በእስር ሞተ፤ ልጁና እናቱ ድሬዳዋ ውስጥ በእንግሊዞች ካምፕ ታጎሩ። ታዲያ ይህ ልጅ እዚያ ምን ያደርግ ነበር? ከጠባቂዎቹ ኮሚክ ይገዛ ነበር! አዳማን ከተማ ያደረጋት ባቡር በሚያልፍበት መስመር ላይ፣ በጦርነት መሐል፣ እስረኛ ሆኖ። የእኔ ክርክር ከመጽሐፍ አዟሪ ጋር ብቻ በመሆኑ ተመስገን አልኩ።

ፕራት አድጎ «ኮርቶ ማልቴዝ» የተባለውን መርከበኛ ፈጠረ፤ ከታሪኮቹም በ1918 እ.ኤ.አ. አካባቢ በእኛና በጎረቤቶቻችን ምድር የሚካሄዱት በአንድ ቅጽ ተሰብስበው «የኢትዮጵያ ታሪኮች» በሚመስል ርእስ በአውሮፓ ቋንቋዎች ወጥተዋል። ካገኛችሁ ግዙ። ቋንቋውን ባታውቁም ግዙ።

ለምን ቢባል፣ የእኔ መመዘኛ አውራ ጣት ነው። መጽሐፉን መሐሉ ላይ እገልጥና ከሰዎቹ አፍ የሚወጣውን ንግግር በጣቴ እሸፍናለሁ። ሥዕሉ ብቻውን ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንደዋሸ፣ ማን ሊሮጥ እንደሆነ ከነገረኝ ያልፋል። ጡንቻና ፍንዳታ ብቻ ካየሁ እመልሰዋለሁ። ቀጥሎ የመጨረሻውን ገጽ አያለሁ። የቤልጅጉ ኤርዤ «ቲንቲን» ከጥቂቶቹ በቀር በ62 ገጽ ጀምሮ ይጨርሳል፤ አንድ የገዛ ሰው ሙሉ ታሪክ ገዛ ማለት ነው። የአሜሪካኖቹ ግን በየወሩ የሚወጡት ስስ ቅጠሎች አምስት ስድስት ሆነው ተሰብስበው እንኳ ጀግናው ገደል አፋፍ ላይ ተንጠልጥሎ «ይቀጥላል» ይላሉ። እኛ ዘንድ የሚቀጥለው ቅጽ የሚመጣው አንድ ዘመድ ከውጭ ሲመለስ ነው፤ እሱም ሽቶ ይዞ ይመጣል።

የአገር ውስጡስ? ብስራት ደበበ በ2018 እ.ኤ.አ. «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አወጣ። ጀግናው ተመርቆ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ወጣት ነው። ልዩ ኃይል ከሥራ ቀድሞ ማግኘቱ ብዙዎቻችንን አላስገረመንም። ተከትላው የመጣችው ጀግና «ሃዊ» ትባላለች፤ በአዳማ ሰፈሮች ሃዊ ብለህ ብትጣራ ብዙ ልጅ ዞር ይላል። እንዲህ ያለውን በአውራ ጣት አልመዝንም፣ ባየሁበት እገዛለሁ። የአገር ውስጥ ኅትመት አንዴ ካለቀ እንደገና ይታተማል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ባቱም ሻሸመኔም መጻሕፍት መደብር ብትገቡ ቀድሞ የሚቀበላችሁ የፈተና ማጠናከሪያ ነው፤ ኮሚክ ካለም ከሥሩ ተጋድሞ ነው።

አሳታሚዎች ሆይ፣ ያንን 44 ሥዕል በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በልጅ እጅ ልክ፣ በልጅ ኪስ ዋጋ አትሙልን። እኔ ሁለት እገዛለሁ፤ አንዱ ለእህቴ ልጅ፣ ሌላው «የፈረንጅ ጨዋታ» ለሚሉት እኩዮቼ።