ኮምፒዩተሩ የተንቀራፈፈው ወዶ አይደለም!

ኮምፒዩተር ሲዘገይብን የምናውቀው መድኃኒት ሁለት ነው፤ አጥፍቶ ማብራት፣ እምቢ ካለም ጎኑን በጥፊ ማለት። ዛሬ ሦስተኛውን እናውጋ፤ ራሱ የጻፈውን ማንበብ።

ይኸውላችሁ፣ ዲስክ ዳታ የሚያስተላልፍበት መንገድ ሁለት ነው። ኮምቦልቻ ላይ የጭነት መኪና ሲራገፍ አይታችሁ ይሆናል። ባለሱቁ ጆንያውን ሁሉ በራሱ ጀርባ ካመላለሰ ማን ይሽጥለት? ፒአይኦ ማለት ይኼ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ራሱ ይሸከማል። ወዛደር ቀጥሮ እሱ ሽያጩን ከቀጠለ ደግሞ ዲኤምኤ ነው። በድሮዎቹ አይዲኢ ዲስኮች ፒአይኦ 4 ቢበዛ በሴኮንድ 16.7 ሜጋባይት ነው፤ አልትራ ዲኤምኤ ግን እስከ 100 እና 133 ይደርሳል።

እናላችሁ… ቢስቲማ ውስጥ ማመልከቻ በሚተየብበት አንድ ቤት፣ ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ኮምፒዩተር አለ። ዲስኩ ላይ የተቀዳ የሽማግሌዎችና የእናቶች ድምፅ ነበር፤ ከፊሎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። ሌላ ቅጂም የለም። ወደ ሁለተኛ ዲስክ ልንገለብጥ ስንል ሥራው ተጎተተ። የከርነሉን መዝገብ ብናይ ዲስኩ ወደ ፒአይኦ ወርዷል።

“ዲኤምኤውን በግድ አብሩት!” ያለን ወዳጅ አልጠፋም። በኤችዲፓርም ትእዛዝ ማብራት የድሮው አይዲኢ ድራይቨር ዘመን ምክር ነው፤ እሱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 በሊኑክስ 5.14 ከከርነሉ ወጥቷል። የዛሬው ሊብኤቲኤ ፍጥነቱን የሚመርጠው ራሱ ነው። ማስገደጃ መንገድ አለው፤ ግን ለምን እንደቀነሰ ሳናውቅ ለምን እናስገድደው? በአልትራ ዲኤምኤ የሚተላለፍ ዳታ ሁሉ ስህተት እንዳይኖርበት ይፈተሻል። ስህተቱ ሲደጋገም ከርነሉ ፍጥነቱን ደረጃ በደረጃ ያወርዳል። መንቀራፈፉ ጥንቃቄ ነው ማለት ነው።

ከዚያ ስማርት የሚባለውን የዲስኩን የጤና መዝገብ ከፈትን። ቁጥር 5 እና 197 ዜሮ ናቸው፤ እነሱ ቢያድጉ የታመመው ዲስኩ ራሱ ነበር። እያደገ ያለው 199 ነው፤ እሱ በአብዛኛው የሚያሳብቀው በኬብሉ ላይ ነው። በሐይቅ አድርገን ደሴ ሄድንና ባለ 80 ሽቦ ኬብል ገዛን። ፒኑ ያው 40 ነው፤ ተጨማሪዎቹ 40 ሽቦዎች አንዱ መስመር ሌላውን እንዳይረብሽ የገቡ ናቸው። በባለ 40 ሽቦው ከአልትራ ዲኤምኤ 33 በላይ መሄድ አይገባም። ሰማያዊውን ጫፍ ማዘርቦርዱ ላይ፣ ጥቁሩን ዲስኩ ላይ ሰካን። 199 የቆጠረውን አይሰርዝም፤ ማደጉን ግን አቆመ። ዲስኩ ወደ ዲኤምኤ ተመለሰ፤ ድምፁም ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ።

የእናንተው 5 ወይም 197 እያደገ ከሆነ ግን ፍጥነት ማስተካከሉን ተዉት። በጣም የምትሳሱለትን ፋይል አስቀድማችሁ ገልብጡ፤ ቀስ ቢልም ይቅዳ። ኬብል ደሴ ይገኛል፤ የአያት ድምፅ ግን የሚሸጥበት ሱቅ የለም። ደህና ሰንብቱ!